ስለ ማራገቢያና ስለ ነፋስ ልክ

የቀድሞ ሰዎች ለአንድ ዕቃ ስም ሲያወጡ ሥራውን አይተው ነውና ስሙን በደኅና ያስተዋለ ሰው የዕቃውን ጠባይ ብዙ ሳይደክም ያውቀዋል። ይህ በየጣሪያችንና በየጠረጴዛችን ላይ የሚሽከረከረው የኤሌክትሪክ መሣሪያ በአማርኛ «ማራገቢያ» ተባለ እንጂ «ማቀዝቀዣ» አልተባለም። አንዳንዱ ሰው በጣልያኑ ስም «ቬንትሌተር» ይለዋል፤ ያም ስም ነፋስ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ማራገብ አየርን ማንቀሳቀስ ነው፤ ማቀዝቀዝ ግን ሌላ ሥራ ነው። ስሙ እውነቱን ሲናገር እኛ ስሙን እየጠራን ሌላውን ሥራ ከእርሱ እንጠብቃለን። ይህ በደጋ አገር ቢሆን ከቃል ስሕተት አያልፍም ነበር። በቆላ አገር ግን ሙቀቱ እጅግ በበረታ ቀን ሰውን ለሞት እስከ ማድረስ ይደርሳልና ስለዚህ ነገር ጥቂት ልጽፍ ወደድሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ አስቀድመን ነፋስ ሰውን የሚያቀዘቅዘው በምን እንደ ሆነ እንመልከት። የቆላ ሰው ውኃውን በሸክላ ገንቦ ቀድቶ ከጥላ ሥር፣ ነፋስ ከሚመላለስበት ስፍራ ያኖረዋል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ውኃው ከአየሩ ይልቅ ቀዝቅዞ ይገኛል። ይህም ነፋሱ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ አይደለም። ሸክላው ውኃውን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውጭ ያሳልፋል፤ በውጭ ያለው ርጥበት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ሙቀትን ከገንቦው ነጥቆ ይሄዳል፤ የነፋሱም ሥራ ያንን እንፋሎት ቶሎ ቶሎ ማራቅ ነው። ገንቦው ባዶ ቢሆን ግን ነፋሱ ቀኑን ሙሉ ቢነፍስበት የሸክላው ሙቀት ከአየሩ ጋራ ይተካከላል እንጂ ከዚያ በታች አይወርድም።

የሰው ገላም እንደዚሁ ነው። የሰው ውስጡ በሴንቲግሬድ መለኪያ 37 ዲግሪ፣ ቆዳው ደግሞ 35 ዲግሪ ያህል ሙቀት አለው። ተቀምጦ ያረፈ ሰው እንኳ 100 ዋት ከሚበላ አምፖል የሚወጣውን ያህል ሙቀት ሳያቋርጥ ያመነጫል። አየሩ ከቆዳው ይልቅ ቀዝቃዛ ሲሆን ይህ ሙቀት ወደ አየሩ ያልፋል፤ ነፋስም ያፋጥነዋል። አየሩ ከቆዳው ጋራ ሲተካከል ግን ይህ በር ይዘጋና የሚቀረው መውጫ ላብ ብቻ ይሆናል። አንድ ሊትር ላብ ከገላ ላይ ሲደርቅ 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ይህም ያረፈ ሰው ከስድስት ሰዓት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ የሚያመነጨው ነው። በቅኔ ቤት ልማድ ብንናገር እንግዲህ ነፋሱ ሰሙ ነው፤ ወርቁ ላቡ ነው። ሰሙን ብቻ አይቶ ወርቁን የዘነጋ ሰው ማራገቢያውን ያበራና ውኃውን ይረሳል።

አየሩ ከቆዳ አልፎ እጅግ ሲሞቅ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በሚያዝያ ቀትር በመተማ ወይም በሑመራ ሜዳ የቆመ ሰው የዚያ አገር ነፋስ እንደ ምድጃ አፍ ፊትን ሲለበልብ ያውቃል። ነፋስ ያገኘውን ተሸካሚ ነው፤ ብርድ ቢያገኝ ብርድን፣ ሙቀት ቢያገኝ ሙቀትን ያደርሳል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን አኑሮ፣ በማራገቢያ መጠቀም የሚገባው የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በታች ሲሆን ብቻ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ገላን ያሞቃል ይላል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2021 ዓ.ም. የወጣ አንድ የሊቃውንት ስሌትም ወሰኑን በዕድሜ ከፍሎ ለጤነኛ ጐልማሳ 39፣ ዕድሜው 65 ለሞላ ጤነኛ ሽማግሌ 38፣ ላብን የሚቀንስ መድኃኒት ለሚወስድ አረጋዊ 37 ዲግሪ አድርጎታል። ይህም በእርጅና ጊዜ ላብ ስለሚያንስ ነው። በዚያም ላይ ሽማግሌ ሰው ገላው ውኃ ሲሻ ጥሙ እንደ ወጣት ቶሎ አያስታውቀውም።

በዚህ ነገር የአገሩም ጠባይ መታወቅ አለበት። በባሕር ዳርቻ፣ እንደ ጅቡቲና እንደ ምጽዋ ባለ ስፍራ፣ አየሩ ራሱ ርጥበት ስለ ጠገበ ላብ ይንጠባጠባል እንጂ ቶሎ አይደርቅም፤ በዚያ ማራገቢያ ላቡን በማድረቅ ብዙ ይረዳል። በደረቅ ቆላ ግን ላቡ ያለ ነፋስም ፈጥኖ ይደርቃልና ሙቀቱ ከወሰን ሲያልፍ ነፋሱ የሚጨምረው ጥቅም ጥቂት፣ የሚያመጣው ሙቀት ብዙ ነው።

ይህን ሁሉ የምናገረው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። የእናቴ ታናሽ እኅት በድሬዳዋ ይኖራሉ። ዕድሜያቸው ሰማንያ አልፏል፤ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ ከልጆቻቸው አንዱ በአዲስ አበባ፣ አንዲቱ በአሜሪካ ነው ያሉት። ድሬዳዋ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1902 ዓ.ም. ባቡር ከደረሰላት ወዲህ የተቈረቈረች፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቷ ከ35 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። እኔም ባለፈው ዓመት በሰኔ እርሳቸውን ልጠይቅ ሄጄ አንድ ሳምንት ተቀመጥሁ።

ቤታቸው የቆርቆሮ ክዳን ነው። አሜሪካ ያለችው ልጃቸው በላከችው ገንዘብ ባለ እግር ማራገቢያ ተገዝቶላቸው ከጧት እስከ ማታ በፊቱ ይቀመጣሉ። መስኮቱ ግን ቀንም ሌሊትም ዝግ ነው። «እማማ፣ ማታ ማታ እንኳ መስኮቱን ለምን አይከፍቱትም?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ነፋስ ይመታኛል፤ ምች ያመጣብኛል» አሉኝ። «ይህስ በፊትዎ የሚነፍሰው ነፋስ አይደለምን?» ብላቸው ፈገግ ብለው፣ «ይኼማ የኮረንቲ ነው፤ የኮረንቲ ነፋስ ደጅ አላደረ» አሉ።

ይህን የሰማ አንባቢ ሊስቅ አይገባውም። በደጋ አገር፣ በብርድ ሌሊት፣ ነፋስን የፈሩ አያቶቻችን ምክንያት ነበራቸው፤ እኛም ዛሬ በአውቶቡስ ውስጥ መስኮት ይከፈት አይከፈት እያልን የምንከራከረው ከዚያው ከወረስነው ፍርሃት የተነሣ ነው። ዳሩ ግን የደጋው ፍርሃት ወደ ቆላ ሲወርድ ጥቅሙ ይቀርና ጉዳቱ ብቻ ይተርፋል። እኔም ለመከራከር አልወደድሁም፤ ከገበያ የግድግዳ ሙቀት መለኪያ ገዝቼ ሰቀልሁና ቁጥሩ እንዲናገር ተውሁት። ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት በደጅ ጥላ ሥር 36 ሲሆን፣ ከቆርቆሮው በታች፣ መስኮቱ በተዘጋው ክፍል፣ ማራገቢያው እየነፈሰ 39 ዲግሪ አለ። ከምሽቱ በሦስት ሰዓት ደጁ ወደ 27 ሲወርድ ክፍሉ ገና 34 ነበር። ማራገቢያው ቀኑን ሙሉ ሲያመላልስ የዋለው ያንኑ የታሰረውን አየር ነበር። እንዲያውም እንዲህ ያለ ማራገቢያ የሚበላው 50 ዋት ያህል ኀይል ሁሉ በመጨረሻው ሙቀት ሆኖ በክፍሉ ይቀራል። ጥቂት ቢሆንም ሙቀት ነውና፣ ሰው በሌለበት ዝግ ክፍል ማራገቢያ አብርቶ መሄድ ክፍሉን ማሞቅ እንጂ ማቀዝቀዝ አይደለም።

ከዚህም ይልቅ ያሳሰበኝ የውኃው ነገር ነበር። ጊዜው የሐዋርያት ጾም ስለ ነበረ እማማ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንዲት ጠብታ አይቀምሱም። ሙቀቱ የሚበረታው ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው። ከላይ ስለ ባዶ ገንቦ የተናገርሁትን አንባቢ ያስታውስ፤ ነፋሱ ከገላቸው ያለውን ርጥበት እየወሰደ በምትኩ የሚገባ አልነበረም። ወደ ማታ ራሳቸውን ያማቸዋል፤ ሲነሡም ግድግዳ ይይዛሉ። ስለ ጾም መናገር የንስሐ አባታቸው ድርሻ ነውና ነገሩን ለእርሳቸው ነገርኋቸው። አባም መጥተው የመለኪያውን ቁጥር አዩ፤ እማማ የደም ግፊት መድኃኒት እንደሚወስዱም ጠየቁና ተረዱ። ከዚያ በኋላ፣ «ጾም ፈቃድን ለመግታት ነው እንጂ ደካማን ለመጣል አይደለም። ውኃውን እንደ መድኃኒት ቈጥረው ከጧት ጀምረው ይጠጡ፤ በእኔ ይሁን» አሏቸው። እማማ የእኔን ቃል ለሦስት ቀን ሲገፉት ሰንብተው የአባታቸውን ቃል በአንድ ጊዜ ተቀበሉ።

መስኮቱም ቢሆን ሌላ ምክንያት ነበረው፤ እርሱም ትንኝ ነው። በድሬዳዋ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2013 የዴንጊ፣ በ2019 የችኩንጉንያ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበርና ነገሩ የሚናቅ አይደለም። እኛም መስኮቱን በወንፊት ሽቦ አስለበጥነው። ማታ ደጁ ሲቀዘቅዝ መስኮቱን ከፍተን ማራገቢያውን በአጠገቡ፣ ፊቱን ወደ ውስጥ አዙረን አቆምነው፤ በወዲያኛው በኩል ያለውንም በር ገርበብ አደረግነው። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ክፍሉ 29 ዲግሪ ሆነ። እማማም፣ «የደጁ ነፋስ ደግሞ ዛሬ ጨዋ ሆኖ ገባ» አሉ።

በዚያው ሳምንት ሌላ አደጋም ተገኘ። የማራገቢያው ገመድ ስላጠረ ኤክስቴንሽን በሚባለው ማከፋፈያ ላይ ተሰክቶ ነበር፤ የማከፋፈያው ገመድ ከምንጣፍ ሥር ያልፋል፤ በእርሱው ላይ ፍሪጁና የእንጀራ ምጣዱ ተጨምረውበታል። በኤሌክትሪክ ሥራ የሚተዳደር አንድ የጎረቤት ልጅ ምንጣፉን ገልጦ ገመዱን ቢዳስሰው ትኩስ ሆኖ አገኘው፤ አንዱም ስፍራ ተልጦ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ማራገቢያ ለብቻው የሚስበው ኀይል ጥቂት ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከ3,000 ዋት በላይ ይስባልና ሁለቱን በአንድ ቀጭን ገመድ ላይ መጫን እሳት መጥራት ነው። ልጁም ምጣዱን ለብቻው ከግድግዳው ሶኬት አገናኘው፤ የተላጠውን ገመድ ለወጠው፤ ከምንጣፉ ሥር አውጥቶም በግድግዳው ጥግ አሳለፈው።

ይህ የአንዲት አሮጊት ቤት ነገር ብቻ ቢሆን በጋዜጣ መጻፉ ባላስፈለገ ነበር። ነገር ግን ማራገቢያ በሞላባቸው በሀብታሞቹ አገሮች እንኳ እንደዚሁ ያለ ቤት ብዙ ሰው ገድሏል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በሐምሌ 1995 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ ሙቀቱ 41 ዲግሪ በደረሰ ጊዜ በጥቂት ቀን ውስጥ ከ700 የሚበልጥ ሰው ሞተ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሌባ ፈርተው መስኮታቸውን የዘጉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ የተደረገው ምርመራም ብቻውን የሚኖርና ከቤቱ የማይወጣ ሰው ይበልጥ እንደ ሞተ፣ የሚጠይቀው ወዳጅ ያለው ሰው ግን ይበልጥ እንደ ዳነ አሳየ። በ2003 በነሐሴ ወር በፈረንሳይ አገር 15,000 ያህል ሰው በሙቀት ሞተ። በ2021 ደግሞ በካናዳ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ አውራጃ 619 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከመቶው 98 የሞቱት በቤት ውስጥ ነበር፤ ከእኩሌታ የሚበልጡትም ብቻቸውን የሚኖሩ ነበሩ። እንግዲህ በሙቀት ጊዜ የሚገድለው ፀሐይ የወጣበት ሜዳ ብቻ አይደለም፤ የተዘጋ ቤትና የማይንኳኳ በርም ይገድላል።

ስለዚህ ማራገቢያ ያለው ሰው ሁሉ የሚከተለውን ቢያስተውል ይጠቀማል። አንደኛ፣ በክፍሉ የሙቀት መለኪያ ይኑር፤ 40 ዲግሪ ሲደርስ፣ ለሽማግሌና ለበሽተኛም ከዚያ አስቀድሞ፣ በነፋሱ መታመን ይቅርና ወደ ቀዘቀዘ ስፍራ ይሂዱ፤ ይህ ባይቻል ገላን በውኃ ማራስ ይገባል። ሁለተኛ፣ ማራገቢያው ሲበራ ውኃ በአጠገብ ይቀመጥ፤ ጥም እስኪመጣ ሳይጠበቅ ጥቂት በጥቂት ይጠጣ፤ ሐኪም ውኃ የወሰነበት የልብ ወይም የኵላሊት ሕመምተኛ ግን ሐኪሙን ይጠይቅ። ሦስተኛ፣ ደጁ ከቤቱ ይልቅ ሲሞቅ መስኮቱና መጋረጃው ይዘጋ፤ ደጁ ሲቀዘቅዝ ይከፈት። አራተኛ፣ የተላጠ ገመድ አይሰካ፤ ማራገቢያውም በርጥብ እጅ አይነካ፤ መስመራችን 220 ቮልት ነውና ምሕረት የለውም። ገላን ማርጠብ መልካም ነው፤ ርጥብ ጨርቅ በማራገቢያው ላይ ማንጠልጠል ግን ክፉ ነው። አምስተኛ፣ የጣሪያ ማራገቢያ ከወራጁ እንጨት ወይም ከብረቱ ጋራ ይታሰር እንጂ በኮርኒስ ላይ ብቻ አይንጠልጠል፤ ሕፃን ባለበት ቤትም መከላከያ ሽቦው የተሰበረ ማራገቢያ አይበራ። ስድስተኛ፣ መብራት ሲጠፋ ማራገቢያው ከሶኬቱ ይነቀል፤ ሰው በሌለበት ሰዓት መብራቱ ሲመጣ ለብቻው እንዳይሠራ ነው።

ሙቀት ያሸነፈው ሰው ምልክቱ ይህ ነው። አስቀድሞ ራሱን ያመዋል፤ ያዞረዋል፤ ያቅለሸልሸዋል። ይህን ጊዜ ወደ ቀዝቃዛ ስፍራ ወስደው ውኃ ቢያጠጡት ይበረታል። ገላው እንደ እሳት ከተኰሰ፣ ንግግሩ ከተዘበራረቀ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ይህ ሞት የሚያመጣ ሕመም ነውና ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ያስፈልጋል። እስኪደርስም ልብሱን አቅልለው፣ ገላውን በውኃ አርሰው ያራግቡለት፤ በዚህ ጊዜ ውኃው ከውጭ ተጨምሮለታልና ነፋሱ በእውነት ይረዳዋል። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ውኃ አይስጡ።

ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ በሥራቸው ወደ ሰው ቤት የሚገቡ ናቸው። የንስሐ አባት በየልጆቹ ቤት ይዞራል፤ መምህርም የተማሪውን ወላጅ ይጠይቃል፤ በከተማ የሚኖር ሰውም በቆላ ያለች እናቱን ወይም አክስቱን በዓል ሲደርስ ያያል። በሙቀት ወራት እንዲህ ወዳለው ቤት የገባ ሰው ከሰላምታው በኋላ መስኮቱን፣ ገመዱንና የውኃውን ማሰሮ አንድ ጊዜ ቢቃኝ ሥራው ሩብ ሰዓት አይፈጅም። በሩቅ ያለውም ገንዘብ ልኮ ማራገቢያ ካስገዛ በኋላ ግዴታውን የፈጸመ አይምሰለው፤ በቀትር ስልክ ይደውል፤ ጎረቤትም እንዲገባላቸው ይለምን። ማራገቢያ ቀኑን ሙሉ ይዞራል፤ «ዛሬ ውኃ ጠጥተዋልን?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ሰው ነው።